ጌይኑን ዝቅ፣ ሚዱን ከፍ

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባሕር ዳር ክረምቱ ወጥቶ ጣና ጢም ብሎ ሞልቷል። ብዙ ተጠፋፋን። የላክኸውን የኤሌክትሪክ ጊታር ቅጂ ሳገኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደጋግሜ ሰማሁት። ሪፉ (ያ የሚደጋገመው አጭር የጊታር ሐረግ) ልክ ነው፣ እጅህም ያው ነው። «ድምፁ ለምን ይጨማለቅብኛል?» ላልከው የማውቀውን ልንገርህ።

ጌይኑን፣ ያንን አምፑ (የጊታሩ ማጉያ) ላይ ድምፁን የሚያሻክረውን ኖብ፣ እስከ ጥግ ከፍተኸዋል አይደል? የፈረንጆቹን 1980ዎቹ ግላም ሜታል የሚባለውን ሮክ ስንሰማ ያ ውፍረት ሁሉ ከጌይን የመጣ ይመስለናል። አይደለም። ስቱዲዮ ውስጥ ያንኑ ሪፍ ብዙ ጊዜ ሁለቴ ይቀዱትና አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ያስቀምጡታል። ያንን በአንድ ጊታር፣ በጌይን ብቻ ላምጣው ስትል ፒኩ (መምቻው) ክሩን ሲመታ ያለችው «ጠቅ» ትጠፋለች። ግላም ደግሞ ያለሷ አይሆንም።

በገናን አስበው። ከክሩ ሥር የምትገባው ቁርበት፣ እንዝራዋ፣ ቦታዋን ስታገኝ ክሩ ይነዝራል፤ ዜማው ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ጌይንም እዚያ ላይ ነው መቆም ያለበት።

እስቲ አምፑ ላይ ጌይኑን 5፣ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) 4፣ ሚዱን (መካከለኛውን) 7፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን) 6 አድርገህ ጀምር። ከዚያ በጆሮህ አስተካክል። ሚድ መቁረጥ ብቻህን ስትጫወት ያምራል። ከበሮና ቤዝ ጊታር ሲገቡ ግን አንተ የለህም። ማርሻል በፈረንጆቹ 1981 ያወጣው ጄሲኤም 800 አምፕ ለዚህ ሙዚቃ የተወደደው ሚዱ ወደፊት ስለሚወጣ ነው።

ቲዩብ ስክሪመር የሚባለውን የእግር ፔዳል ካገኘህ ድራይቩን (ማሻከሪያውን) ዜሮ አጠገብ፣ ሌቭሉን (የሚያወጣውን የድምፅ መጠን) ከፍ አድርገው። ፔዳሉ ቤዙን ቀንሶ ነው ወደ አምፑ የሚያስገባው። ዲስቶርሽን (የድምፁ መሻከር) ውስጥ ገብቶ የሚጨማለቀው ደግሞ ቤዙ ነው፤ አንዴ ከተጨማለቀ በኋላ ብትቀንሰው አይጠራም። ፒክአፑም (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው) በብሪጁ፣ ክሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ፣ በኩል ያለው ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ሽቦው) ይሁን። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ከሆነ የመብራቱ 50 ኸርዝ ጉምጉምታ ከጌይኑ ጋር አብሮ ይጎላል።

ከሁሉም በላይ ግን ቀኝ እጅህን እየው። የመዳፍህን ጠርዝ ብሪጁ ላይ አሳርፍ። ትንሽ ወደ ክሩ ከገባ ኖታው ይሞታል፣ ወደ ኋላ ከሸሸ ክሩ ልቅ ይሆናል። ልክ ሲሆን ወፍራሙ ክር «ዱግ ዱግ» ይላል፣ ኖታውም ይለያል። ኮርዱ (ብዙ ክር አብሮ የሚመታበት) ጋ ስትደርስ መዳፍህን ፈጥነህ አንሳ። ይሄ ሳይስተካከል ኖብ መነካካት ድካም ነው። ጊታሩንም በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገህ ቃኘው፤ ከዚያ ዘመን ባንዶች ብዙዎቹ እንዲያ ይቃኙ ነበር። ክሩ ለቤንድም፣ በጣት ገፍቶ ድምፁን ለማቅጠን፣ ይለሰልሳል።

እኔ ጎረቤት እንዳልረብሽ ማታ ማታ ድምፅ ቀንሼ ነው የምለማመደው። ድምፁ ዝቅ ሲል ጆሮ ቤዙን አጥርቶ ስለማይሰማ «ጨምር ጨምር» ያሰኛል። ከበሮ ጋር ስትገናኝ ሁሉንም እንደገና አስተካክል።

ያንኑ ሪፍ ጌይኑን ቀንሰህ ቅዳና ላክልኝ። ለጥምቀት ደግሞ ጊታርህን ይዘህ ና። ሁለታችን አንድ ሪፍ እንቀዳለን፦ አንተ በግራ፣ እኔ በቀኝ።

ወንድምህ