የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የተነፈስነው ብናኝ የት ይደርሳል?

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የሠራበት ጥያቄ የተነሣው በጥቅምት ወር ነበር። አንዲት የ7ኛ ክፍል አባላችን ሰሌዳ ጠርጋ እንደ ጨረሰች፣ «መምህር፣ የምንስበው የጠመኔ ብናኝ ሁሉ ውስጣችን ቢቀር ኖሮ ሳንባችን እስካሁን አይሞላም ነበር?» ስትል ጠየቀች።

መልሱን ከመንገር በሙከራ ማሳየቱን መረጥን። አባላቱ ተልባ ዘፍዝፈው በዝልግልጉ የፕላስቲክ ቱቦን ውስጥ ቀቡ፤ ከዚያም የጠመኔ ብናኝ በብስክሌት መንፊያ ነፉበት። ቱቦው ቀጥ ያለ ሳለ አብዛኛው ብናኝ በሌላው ጫፍ ወጣ፤ ሁለት ቦታ ሲያጥፉት ግን ብናኙ ከመታጠፊያው እየተላተመ ተጣበቀ። በአፍንጫችን ጠመዝማዛ መንገድም ከ10 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) የሚበልጠው ብናኝ አብዛኛው በዚሁ መልክ ንፍጡ ላይ ያርፋል።

ከሳምንት በኋላ ቱቦው በነጭ ጭቃ ተደፈነ። አባላቱ ቢያዝኑም፣ በእኔ እምነት ከሁሉ የበለጠ ያስተማረን ይህ ነው፤ ብናኙን የሚይዝ እንጂ የያዘውን የሚጠርግ አልሠራንምና። በአየር ቧንቧችን ይህን የሚያከናውኑት ሲሊያ የተባሉ፣ ርዝመታቸው 7 ማይክሮሜትር ያህል የሆነ ጸጉር መሰል አካላት ናቸው። በአንድ ሕዋስ ላይ 200 ያህል ሆነው በቀጭን ውሃማ ንጣፍ ውስጥ በሴኮንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይወዛወዛሉ፤ በጫፋቸውም ንፍጡን ከነያዘው ብናኝ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ እኛም ሳይታወቀን እንውጠዋለን። ንጣፉ ከደረቀ ንፍጡ ይከብድና ሲሊያን ይጫናቸዋል።

በጥር ወር ድርቆሽ የተዘፈዘፈበት የኩሬ ውሃ በማይክሮስኮፕ አየን። ፓራሚሲየም የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር በሲሊያው እየቀዘፈ ሲያልፍ፣ ዳር ዳሩም ሲርገበገብ ያዩ ተማሪዎች ለሁለተኛ ጊዜ ተሰለፉ።

በግንቦት ውይይታችን ስለ ማድ ቤት ጢስ ተነሣ። ከማገዶና ከኩበት ጢስ የሚወጣው ብናኝ አብዛኛው ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ በመሆኑ፣ ሲሊያ ወደሌለባቸው የአየር ከረጢቶች ሊዘልቅ ይችላል፤ በዚያም ባዕድ ነገርን የሚውጡ ነጭ የደም ሕዋሳት በዝግታ ያስወግዱታል። ጢሱ ሲሊያንም ስለሚያዳክም፣ የተጠራቀመውን ንፍጥ ለማውጣት የሚቀረው ሳል ነው። ይህን ሲሰማ አንድ አባላችን እናቱ እንጀራ ጋግረው ሲነሡ ለምን እንደሚያስሉ ገባኝ አለ፤ ክፍሉም ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ።

በቀጣዩ ሳምንት እያንዳንዱ አባል የቤቱን ማድ ቤት ሥሎ ምጣዱ ያለበትን ቦታና የጢሱን መውጫ አመለከተ። ሥዕሎቹ በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ክበቡም በመስከረም ሥራውን ከእነሱ ይጀምራል።