ጥላው ፊደሉን እየበላው ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሐዋሳ ውስጥ ከወረቀት ተቆርጦ የወጣ የሚመስል ጽሑፍ ያለበት ባነር በዝቷል። ነጭ ወረቀት በፊደል ቅርጽ ይቀደድና በቀዳዳው ሐይቁ ወይም ታቦር ተራራ ይታያል። ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ሲያዩት ያምራል። መንገድ ተሻግረው ሲያዩት ግን «ቤት» «ቢት» ሆኖ ቁጭ ይላል። የግራፊክስ ቤቶችና ጀማሪዎች እንዲያዩት ይህችን ብታወጡልን።

ይህ በፎቶሾፕ (የምስል ማዘጋጃ ፕሮግራም) የሚሠራ ሲሆን አሠራሩ የሚቀዳው ለላቲን ፊደል ከተዘጋጁ ትምህርቶች ነው፤ የጥላው ቁጥርም እንዳለ አብሮ ይገለበጣል። በእኛ ፊደል ግን ቢ እና ቤ፣ ሊ እና ሌ የሚለዩት በቀኝ እግር ግርጌ ባለች ጭረትና ቀለበት ነው። ብርሃኑ ከላይ ከግራ (አንግል 120) ሲመጣ የወረቀቱ ጠርዝ ጥላ የሚጥለው በቀዳዳው የላይኛና የግራ ጠርዝ ላይ ነው። የታችኛውና የቀኙ ጠርዝ ጥላ አያገኝም። ከሥር ያለው ፎቶ የቀትር ሐይቅ ወይም ደመና ከሆነ ብሩህነቱ ከወረቀቱ ጋር ይቀራረብና ያ ጠርዝ ይጠፋል። ወፍራሙ እግር ይህን ይችለዋል፤ ቀለበቷ ግን ግማሿ ተሰልቦ ጭረት ትሆናለች።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጥላውን ያጠቁራል። መጥቆር ያለበት ከሥሩ ያለው ፎቶ ነው። «ከርቭስ» በሚለው የብርሃን ማስተካከያ የመስመሩን መሐል ይዞ ወደ ታች መሳብ፣ ፎቶው ከወረቀቱ በግልጽ እስኪለይ። ያኔ ጥላው ራሱ 50 በመቶ ኦፓሲቲ (ድፍንነት) ይበቃዋል። በቆዩት የፎቶሾፕ ስሪቶች ሳይነኩት የሚመጣው 75 በመቶ ለቀጭን ፊደል ይከብዳል።

በፎቶሾፕ ለባነር የሚመቸው መንገድ ጽሑፉን ሳይገድል የሚቆርጠው ነው። ፎቶው «ባክግራውንድ» ላይ ይቀመጣል፤ ከላዩ በነጭ የተሞላ አዲስ ሌየር (ንብርብር)፣ ከዚያ በላይ ጽሑፉ። ጽሑፉን ወደ ግሩፕ ሳያስገቡ ሌየሩን ሁለቴ ተጭኖ «ብሌንዲንግ ኦፕሽንስ» ሲከፈት «ፊል ኦፓሲቲ»ን 0፣ «ኖክአውት»ን «ዲፕ» ማድረግ። ነጩ ወረቀት በፊደሉ ቅርጽ ይቀደዳል። ቀጥሎ ጥላውን ወደ ፊደሉ ውስጥ የሚጥለው «ኢነር ሻዶ» ይጨመራል። ቀኑ ወይም ስሙ ሲቀየር ጽሑፉን ማረም ብቻ ነው፤ ቀዳዳው አብሮ ይቀየራል። ከላይ ያለውን «ኦፓሲቲ» 0 ያደረገ ሰው ግን ጥላውም አብሮት ይጠፋል፤ ጥላውን የሚያስቀረው «ፊል» ብቻ ነው። በቀዳዳው ፎቶው ሳይሆን የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ግራጫ ከታየ ደግሞ ባክግራውንዱ ተከፍቶ «ሌየር 0» ሆኗል ማለት ነው። ከ«ሌየር» ሜኑ «ኒው» ውስጥ «ባክግራውንድ ፍሮም ሌየር» ማለት ይመልሰዋል።

ሁለተኛው መንገድ ማስክ፣ ማለትም የሌየሩን ከፊል የሚደብቅ ሽፋን ነው። ኮንትሮል ይዞ የጽሑፉን ምልክት መጫን፣ ጽሑፉን መደበቅ፣ ነጩን ሌየር መርጦ አልት እንደያዙ የማስክ ምልክቱን መጫን፤ ጥላው በነጩ ሌየር ላይ «ድሮፕ ሻዶ» (ወደ ውጭ የሚወድቅ ጥላ) ሆኖ ይሰጣል። «ሌየር ማስክ ሃይድስ ኢፌክትስ» የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት ጥላው አይታይም። ጽሑፉ ከተቀየረ ማስኩም እንደገና ይሠራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ይሻላል። ኢነር ሻዶ በተሰጠው ጽሑፍ ላይ ድሮፕ ሻዶ መደረብ ግን ምንም አይጨምርለትም። አንዱ ጠልቋል ሲል ሌላው ተነስቷል ይላል፣ ዓይንም ሁለቱን አያምንም።

ቁጥሩን ከሌላ ሥራ ከመገልበጥ ከፊደሉ መለካት ነው። የሩለር መሣሪያውን ይዞ ቀጭኗን አካል፣ ማለትም የቤን ቀለበት ቅጥነት በፒክሰል ማየት። 40 ፒክሰል ከሆነች ዲስታንስ (የጥላው ርቀት) 10፣ ሳይዝ (የጥላው ስፋት) 15 ጥሩ መነሻ ነው። የሁለቱ ድምር ከዚያች ቅጥነት ሲበልጥ ቀለበቷ ሙሉ በሙሉ ትጨልማለች፤ ወፍራሙ እግር ፎቶ እያሳየ ቀለበቷ ጥቁር ትሆንና ፊደሉ በሁለት ቀለም የተጣፈ ይመስላል።

ኒያላ የተባለውን ፎንት (የፊደል ዓይነት) የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ ቦልድ (ወፍራም) ግን የለውም። «ፎ ቦልድ» ሲጫኑት ፎቶሾፕ ፊደሉን በግድ ያወፍርና ቀለበቶቹ ይደፈናሉ። በዚያ ላይ ጽሑፉን «ኮንቨርት ቱ ሼፕ» ብለው ወደ ቅርጽ ልቀይረው ቢሉ ፎቶሾፕ እምቢ ይላል። ይህ ደግሞ ያስፈልጋል፤ ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ተከፍቶ ጽሑፉ ቢነካ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ እውነተኛ ውፍረት አለው።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ብዙው ባነር ሲዳምኛም አማርኛም አለበት፣ በተለይ በፊቼ ጫምባላላ ሰሞን። ሲዳምኛው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የላይኛውን መስመር ስታይል ኮፒ አድርጎ ለታችኛው መስጠት የተለመደ ነው። የሲዳምኛው መስመር ጥርት ብሎ ሲነበብ አማርኛው የሚደበዝዘው በዚህ ነው። አንግሉ የግድ አንድ መሆን አለበት፣ «ግሎባል ላይት» (የጋራ የብርሃን አቅጣጫ) ለሁለቱም ይሁን፤ ዲስታንስና ሳይዝ ግን ለየብቻ ይለካ። ግሎባል ላይትን አንድ ቦታ ሲነኩት የሎጎው ጥላም አብሮ እንደሚዞር መርሳት አይገባም።

ጽሑፉ በፕሎተር (በመቁረጫ ማሽን) በእውነት የሚቆረጥና የቀረው ወረቀት ለቀለም መርጫ የሚሆን ከሆነ ነገሩ ይለያል። ዐ መሐሏ ላይ አንድ ደሴት አላት፣ መ ሁለት፤ የሚይዛቸው ስለሌለ ይወድቃሉ። ከዳር ወረቀቱ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ድልድይ ይተውላቸዋል። በባነር ላይ ደሴቶቹ አየር ላይ ቢንሳፈፉ ማንም አይከስም፤ እዚያ ድልድይ መሥራት ፊደሉን ማቁሰል ይመስለናል።

መጠን ሲቀየርም ጥላው ያመልጣል። 8 ፒክሰል በ72 ጥራት (በአንድ ኢንች 72 ፒክሰል) 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በ300 ጥራት ግን 0.7 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጽሑፉን በ«ፍሪ ትራንስፎርም» ሲያሳድጉት ጥላው በነበረበት ይቀራል፤ «ስኬል ኢፌክትስ» በሚለው ለብቻው ማሳደግ ያሻል። 3 ሜትር በ1 ሜትር ባነር በ72 ጥራት 8504 በ2835 ፒክሰል ነው፤ ከመጀመሪያው በዚያ ልክ ከፍቶ መሥራት ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል። ቀለሙን ወደ ማተሚያ ቀለም ከመቀየር በፊት በቅጂው ላይ ሌየሮቹን «ፍላተን» ማድረግ፣ ማለትም ወደ አንድ ማዋሃድ ይገባል፤ አለበለዚያ የጥላው ጥቁረት ሊለወጥ ይችላል። ከዚያ የአንዷን ቤ ቀለበት ብቻ በእውነተኛ መጠኗ በኤ4 ወረቀት አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍና ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ማየት ነው።

የግራፊክስ ባለሙያዎች፣ ከሐዋሳ