መርፌህን አታቁም

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለእህትህ የላክህላትን፣ ሽፈራውና አብሽ ስኳር በሽታን ያድናል የሚለውን ቪዲዮ አየሁት። አትቆጣት፣ አስጨንቄ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። ኢንሱሊኑን እየቀነስክ እንደሆነም ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

መርፌህን አታቁም። ሐኪምህ ሳያዝህ አትቀንስም።

ሰውየውን ደጋግሜ አየሁት። ነጭ ጋዋን ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ማዳመጫ አንጠልጥሏል። የት እንደሚሠራ ግን አይናገርም። ዋጋውንና ስልክ ቁጥሩን ነው የሚናገረው። «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» ይላል፤ የትኛውን ስኳር? ዓይነት ሁለት ያለበት ሰው ሰውነቱ ጥቂትም ቢሆን ኢንሱሊን ይሠራል፤ አመጋገቡን አስተካክሎ፣ ክብደት ቀንሶ ስኳሩ ሊወርድለት ይችላል። ያንተ ዓይነት አንድ ነው። ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽትህን ሴሎች የገዛ ሰውነትህ መከላከያ ነው ያጠፋቸው። ሽፈራውም አብሽም አይመልሳቸውም። አርባ ምንጭ ተቀምጠህ ሽፈራው አትብላ አልልህም። ብላ። መርፌህን ግን አታቁም።

እዚያ ሥር «ዳንኩ» እያሉ የሚጽፉትንም አነበብኩ። የምርመራ ውጤቱን ያሳየ አንድም ሰው የለም። እንዲህ ያለ ነገር ስታይ መጀመሪያ ሻጩ ማነው በል። ከዚያ ለክትትል ስትሄድ ለሐኪምህ አሳየው። አያፍርብህም፣ አንተም አትፈር።

የአጎትህን ነገር በግማሽ ነው የምታውቀው። ልጆች ሳለን ውሃ ጠጥቶ አይረካም ነበር። ሌሊት ለሽንት ሲመላለስ ያድራል። ሱሪውን በገመድ እያሰርንለት እንኳ ይወርድበታል። አያትህ ስታቅፈው «አፉ የበሰለ ፍሬ ይሸታል» ትል ነበር፤ የስኳር ምልክት እንደሆነ ማን ያውቃል ያኔ! አንድ ቀን ማስታወክ ጀመረ፣ ሆዱን ይዞ ተጣጠፈ። ትንፋሹ እንደ ሯጭ ሆነ። አልነጋለትም። ካናዳ ውስጥ በፈረንጆቹ 1922 አንድ የ14 ዓመት ልጅ በዚሁ ኢንሱሊን ከሞት አፋፍ ተመልሷል። አጎትህ ከመወለዱ በፊት መድኃኒቱ ነበረ ማለት ነው፤ እኛ መንደር አልደረሰም እንጂ። አንተ ጋ ደርሷል። እጅህ ላይ ያለውን ነው በሰው ወሬ የምትጥለው?

ጸበል ከሆነ ያሰብከው፣ ሂድ፣ እኔም አብሬህ እጠመቃለሁ። እንጦጦ ለሚጠመቁት የኤችአይቪ ሕሙማን አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒታችሁን ከጸበሉ ጋር ውሰዱ ብለዋል። መርፌህን አታቁም፣ የኔ ጌታ።

ደግሞ እዚያ ሙቀት ነው። ኢንሱሊኑን መስኮት ላይ እንዳታስቀምጥ። የዶርሙ ፍሪጅ ከተበላሸ በራሰ አሸዋ መሃል ሸክላ ማሰሮ አስቀምጥና እሱ ውስጥ አድርገው፤ ውሃ ግን እንዳይነካው። በረዶ የሠራውን ደግሞ አትወጋው፣ ጣለው። ሆድህን ካመመህ፣ ካስመለሰህ፣ ትንፋሽ ከከበደህ «ይነጋል» አትበል። ጓደኛህን ቀስቅሰህ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

በቴሌብር ብር ልኬልሃለሁ። ለስኳር መለኪያው ስትሪፕ ነው፣ ለሌላ እንዳታውለው። ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ተለካና ቁጥሩን ላክልኝ። ከፍ ቢልም አልቆጣህም።

እናትህ