የሲቲ ደጋፊ ነኝ፤ ፍርዱ ይምጣ

ይድረስ ለጋዜጣው የስፖርት ዓምድ አዘጋጆች፣

እንኳን ለ2018 አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ ነው የምተዳደረው። የተማሪዎች ዩኒፎርም ሥራ ጋብ ስላለልኝ ከነሐሴ ጀምሮ ልጽፍ ያሰብኩትን ደብዳቤ ዛሬ ማታ ጀመርኩት። ጉዳዬ ማንችስተር ሲቲ ነው፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የገንዘብ ደንብ ነው።

ከሱቄ ቀጥሎ ዲኤስቲቪ ቤት አለ። መሃላችን ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ግንቦት 5 ቀን 2004 ዓ.ም. እሁድ ነበር። ጩኸቱ ሲበዛብኝ መቀሴን እንደያዝኩ ገባሁ። ሲቲ በኪውፒአር 2 ለ 1 እየተመራ 90 ደቂቃው አልቋል። የሲቲው ጄኮ አቻ አደረገ። ከዚያ አጉዌሮ ሦስተኛውን አገባ። ከ44 ዓመት በኋላ ሲቲ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። አጠገቤ የቆሙ የማላውቃቸው አዛውንት እያለቀሱ ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የሲቲ ነኝ። እሁድ ሲቲ ሲጫወት ሱቄን ቆልፌ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ።

አሁን አሁን ግን ሲቲ ጎል ባገባ ቁጥር ከኋላ ወንበር «መቶ አስራ አምስት!» የሚል ጩኸት ይከተላል። የአርሰናልና የዩናይትድ ልጆች ናቸው። ሊጉ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲቲን ከ100 በላይ፣ በአብዛኛው የገንዘብ የሆኑ፣ የደንብ ጥሰቶች ፈጽመሃል ብሎ ከሰሰ፤ ሰው በአጭሩ 115 ይለዋል። ሲቲ ክሱን ሁሉ ይክዳል። የኛዎቹ ልጆች መልስ አንድ ነው፦ «ቅናት ነው!» እኔ እንደሱ ብዬ መመለስ አልቻልኩም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ገበያ ውስጥ የምንጥለው ሳምንታዊ ዕቁብ አለ። 40 ዕጣ ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ደንባችን አንድ ሰው ከሁለት ዕጣ በላይ አይያዝ ይላል፤ ስንጀምር ሁላችንም ፈርመንበታል። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ አከፋፋይ ነጋዴ ገባ። ሁለት ዕጣ በራሱ ስም ያዘ። ሌላ ሦስት ደግሞ በወንድሙ ሚስት፣ በሾፌሩና በሱቅ ሠራተኛው ስም አስገባ። የአምስቱንም ዕጣ ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ግን አንድ ልጅ ነው፣ በአንድ ፌስታል። ዳኛችን ጠርተው ጠየቁት። «የራሴን ገንዘብ በፈለግኩት ስም ብጥል ማን ይከለክለኛል?» አለ። በሳምንቱ ጠበቃ ይዞ መጣ። ዳኛችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጠበቃ ሲያዩ ደነገጡ። «እናስብበት» ተባለ። ስናስብበት ዕቁቡ አለቀ።

በዚያው ሰሞን ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት ልጇ ታሞባት ሁለት ሳምንት ሳትጥል ቀረች። ደንቡ 200 ብር ይላል። በዕለቱ ተቀጣች። ጠበቃ አልነበራትም። ጥፋቷንም አልካደችም። ቅጣቱን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። በሚቀጥለው ዙር ዕቁብ አልገባችም።

ኅዳር 2016 ኤቨርተን 10 ነጥብ ሲቀነስበት ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። የሊጉ ደንብ ያኔ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ይል ነበር። ኤቨርተን 19.5 ሚሊዮን አለፈ። መጣሱን አመነ። ይግባኝ ብሎ ቅጣቱ ወደ 6 ወረደለት፤ መጋቢት መጨረሻ ላይ ግን ሌላ 2 ነጥብ ተጨመረበት። ኖቲንግሃም ፎረስትም በዚያው መጋቢት 4 ነጥብ ተቀነሰበት። ሁለቱም ክለቦች ያንን ዓመት እንወርዳለን በሚል ስጋት አሳለፉ። ሲቲ ከሁለቱም በፊት በ2015 ዓ.ም. ተከሶ እስካሁን ፍርዱን እንጠብቃለን። ክርክሩ መስከረም 2017 ተጀምሮ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አልቋል። ክሱ ብዙ ዓመታትን ስለያዘ ሰነዱ የትየለሌ ነው፤ ይገባኛል። ግን አባቴ «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይለኝ ነበር። እዚህ ውሃው ለኤቨርተን ወዲያው ቆመ።

ሌላም ጉዳይ አለ። አንድ ክለብ ከባለቤቱ ጋር ከሚዛመድ ኩባንያ የስፖንሰር ገንዘብ ሲቀበል ዋጋው ከገበያው ዋጋ እንዳይበልጥ የሚል ደንብ ሊጉ አውጥቷል። ሳዑዲዎች ኒውካስልን ከገዙ በኋላ፣ በ2014 የመጣ ነው። ባለቤቶቹ ከአቡዳቢ የሆኑት ሲቲ ይህን ደንብ ራሱን ከሰሰ። እውነቱን ልናገር፣ ዳኞቹ በአንዳንዱ ነገር ሲቲን ደግፈውታል። ባለአክሲዮኖች ለክለባቸው ያለ ወለድ የሚያበድሩት ገንዘብ ከደንቡ ውጭ መተዉ ልክ አይደለም ብለዋል። ሊጉ አሻሽሎ 16 ለ 4 አጸደቀው። ሲቲ እንደገና ከሰሰ። በጳጉሜን 2017 ተስማሙ፤ ሲቲ ያለው ደንብ የጸና መሆኑን ተቀበለ።

ዜናው የመጣ ቀን ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ። አንድ የሲቲ ልጅ፣ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ያለውን አልረሳውም። «ዩናይትድና ሊቨርፑል ገንዘባቸውን ድሮ ሰብስበው ጨርሰዋል። አሁን በሩን ዘጉት። እኛ በ1999 ሦስተኛ እርከን ላይ ነበርን እኮ፣ ያለ ገንዘብ በምን እንውጣ?» አለ። እሱ የሚለው የፈረንጆቹን 1999 ነው። ነገሩ አሳሰበኝ። ደንቡ ለትልልቆቹ ያደላል የሚለው ባዶ ወሬ አይደለም። ነገር ግን 20ዎቹ ክለቦች አንድ አንድ ድምፅ አላቸው፤ 14 ካልደገፈው ምንም አያልፍም። ሲቲ ይህን «የብዙኃን አምባገነንነት» ብሎ መክሰሱ ሲነገር ያ ነጋዴ ነው የታየኝ። ደንብ ካልጣመህ ስብሰባ ላይ ተናገር፣ ሰው አሳምን። ፈርመህ ከገባህ በኋላ ግን በሾፌርህ ስም አትጣል። ሲቲ ይህን አድርጓል አላልኩም፤ የሚወስኑት ዳኞቹ ናቸው። ይወስኑ ነው የምለው።

እኛ አገርም እኮ ገንዘብ ከፍ ያደረጋቸውን ክለቦች አይተናል። ደደቢት በ2005 ሻምፒዮን ሆኖ በ2011 ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዋንጫ በልቶ በ2014 ወረደ። የኛው አዋሳ ከነማ ግን በ1996 እና በ1999 ዋንጫውን ወደ ሐዋሳ ሲያመጣ ከተማው ጥሩንባ ብቻ ነበር፤ ዛሬም ቡድኑ አለ። ፌዴሬሽኑ በ2011 መጨረሻ የተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር አይበልጥም ብሎ ወስኖ ነበር። ደንብ ማውጣትማ አልጠፋብንም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የስፖርት ገጻችሁ ስለ ዝውውር የሚጽፈውን ያህል ስለዚህ ክስ ይጻፍልን። ክሱ ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ፍርዱ ለምን እንደቆየ በአማርኛ አስረዱን። ልጆቹ በጩኸት ብቻ እየተከራከሩ ነው። የኛ ሊግ ክለቦች የገንዘብ ጉዳይም እንዲሁ ይጠየቅ።

ክሱ የያዘው ዘመን ያንን የግንቦት እሁድ እንደሚጨምር አውቃለሁ። ጥፋተኛ ከተባለ ይቀጣ። ንጹሕ ከተባለም ተነግሮን አንገታችንን ቀና እናድርግ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ዙር ዕቁብ ልንጀምር ስንል ያቺን ሻይ ሻጭ እናት ሄጄ ጠየቅኳት። ስኒዋን እያጠበች ሰማችኝ። «የሰውዬው ነገር ታዲያ እንዴት ሆነ እህቴ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ከአክብሮት ጋር
ልብስ ሰፊ፣ ከሐዋሳ
መስከረም 2018 ዓ.ም.