ሉላዊነትን ከባቡር ጣቢያችን እንጀምረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በድሬዳዋ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የሉላዊነትን (የዓለም አገሮች በንግድና በግንኙነት መተሳሰርን) ትርጉም ሰሌዳ ላይ ጽፈን ተማሪው ለፈተና እንዲሸመድደው ማድረጋችን ያሳስበኛል፤ ከተማችን ራሷ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች በመሆኗ ለውይይት የሚሆን ነገር በደጃችን ሞልቷል።

በቅርቡ ተማሪዎቼን በአምስት በአምስት አስቀምጬ፣ እያንዳንዱ ቡድን ከቤት አንድ ዕቃ አምጥቶ የት እንደተሠራና በማን እጅ አልፎ «ከፊራ» ወደሚባለው የከተማችን ገበያ እንደደረሰ እንዲያስረዳ ጠየቅሁ። ክፍል ውስጥ ተናግራ የማታውቅ አንዲት ልጅ የእናቷን ሻሽ ዘርግታ፣ የተሠራበትን አገር የሚገልጸውን ጽሑፍ በጣቷ እያሳየች፣ «ታዲያ የእኛ ሸማኔ ምን ይብላ?» ስትል ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ልጅም «ጫታችንስ ጅቡቲ ድረስ እየሄደ አይደለም ወይ?» ብሎ መለሰላት። ክርክሩ ሳያልቅ ደወል ተደወለ።

ስለዚህ የትምህርት ኃላፊዎች ለእንዲህ ያለው ውይይት ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ እንዲፈቅዱልን እጠይቃለሁ። በየቡድኑ ጎበዙ ብቻ እየሠራ ሌሎቹ ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት ልማድም ቀርቶ፣ ነጥብ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ቢሰጥ፣ ልጆቹም በቡድን ሲመካከሩ በሶማሊኛም ሆነ በኦሮምኛ እንደልባቸው እንዲነጋገሩ ቢፈቀድላቸው፣ ዝም የሚሉት ብዙዎቹ እንደሚናገሩ በክፍሌ አይቻለሁ።

አንድ መምህር፣ ከድሬዳዋ