አንድ ጊዜ ተለክቶ «ግፊትሽ ልክ ነው» አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ስለ ደም ግፊት በተነሳ ቁጥር «ጨው ቀንሱ» ይባላል። እውነት ነው፣ መቀነስ አለበት። ግን ከዚያ ቀጥሎ መነገር ያለበት ነገር ሁሌ ይቀራል። እኔም የገባኝ እናቴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

እናቴ ግፊት ከያዛት ስድስት ዓመት አልፏታል። ኪኒኗን አታስተጓጉልም ነበር። አምና ክረምቱ ሲወጣ ነፃ ምርመራ አለ ተባለና ከጎረቤቶቿ ጋር ሄደች። ከሰዓት በኋላ፣ ወደ 10 ሰዓት ግድም ነበር። 126 በ78 ሆነ። የለካት ልጅ «እማማ፣ ግፊትዎ ልክ ሆኗል» አላት። እሷ የሰማችው ግን «ድነዋል» የሚለውን ነው። ደስ ብሏት መጣች፣ ከማግስቱ ጀምሮ ኪኒኑን ተወችው፣ ለእኔም አልነገረችኝም። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ተነስቼ ሳያት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛለች። «ማጅራቴን አሞኛል» አለች። ስንለካት 182 በ106። አልሀምዱሊላህ፣ ፈጥነን አደረስናትና ተረፈች።

ልጁ የነገራት ቁጥር ትክክል ነበር። የተሳሳትነው በአንድ ቁጥር መተማመናችን ላይ ነው።

ግፊት ቀኑን ሙሉ ባለበት አይቆይም። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። ሊነጋ ሲል፣ ገና ሳንነቃ፣ ሰውነት እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖችን መልቀቅ ይጀምራል፣ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። ስትሮክና ድንገተኛ የልብ ሕመም ጧት ጧት የሚበዙትም አንድም በዚህ ነው። ሌሊት የማይወርድላቸው ሰዎችም አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጨው የሚከብዳቸው ናቸው፤ ኩላሊታቸው ቀን አጣርቶ ያልጨረሰውን ጨው ሌሊት ለማስወጣት ግፊቱ ከፍ እንዳለ ያድራል። ሌሊት የሚሠሩ ሾፌሮች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሌሊት ፈረቃ ልጆችም ይህ ሰዓታቸው ስለሚዛባ ቢጠነቀቁ ይሻላል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የጨው ክምችቱ ነገር ነው። ድሮ የተማርነው የበላነው ጨው በአንድ ሁለት ቀን በሽንት ይወጣል፣ የቀረውም ውሃ ይዞ ይቀመጣል የሚል ነበር። ሞስኮ ውስጥ ወደ ማርስ የሚደረግ ጉዞን ለመለማመድ ሰዎች በታሸገ ቤት ውስጥ እንዲኖሩ ተደርጎ ነበር፤ በ2009 ለ105 ቀን፣ ከ2010 እስከ 2011 ደግሞ ለ520 ቀን (ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር)። የንስ ቲትሴ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ዕድሉን ተጠቀመበት። ሰዎቹ የሚበሉት ጨው በግራም የታወቀ ነው። 12፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 6 ግራም በቀን። ሽንታቸው በየቀኑ ይለካል። ታዲያ የሚበሉት ጨው ሳይለወጥ የሚያወጡት ይለዋወጣል! በሳምንት ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰውነት ውስጥ የሚቀረው ደግሞ በወር ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ዑደት ይጨምርና ይቀንሳል። የቀረው ጨው ውሃ ይዞ ቢሆን ክብደታቸው ይጨምር ነበር፤ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ይኸው ቡድን በሌሎች ጥናቶቹ ጨው ቆዳና ጡንቻ ውስጥ እንደሚከማች አሳይቷል። በልዩ የኤምአርአይ ምርመራም ዕድሜያቸው የገፋና ግፊት ያለባቸው ሰዎች ዘንድ ክምችቱ በዝቶ ታይቷል።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ እኔ የዕድሜ ልኬን ጨው በቆዳዬ ጎተራ ይዣለሁ በይኛ» አለች። እሷ ሀይቅ አካባቢ ገጠር ነው ያደገች፣ ቡና በጨው ነው የምትጠጣ። በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ሲኒው ውስጥ ጣል ታደርጋለች፤ አቦልም፣ ቶናም፣ በረካም። አንድ ቀን እሷ በቆነጠረች ቁጥር ያንኑ ያህል ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። የጧቱና የማታው ቡና ተደምሮ የሻይ ማንኪያውን ግማሽ ሞላው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ። ይህ እንግዲህ በርበሬው፣ ሽሮውና ዳቦው ውስጥ ያለው ሳይቆጠር ነው። እኛ የአፋር ጨው በግመል ተጭኖ ባቲ ሲወርድ እያየን ያደግን ሰዎች ነን፣ ጨው ክብር ነው፣ እንግዳ ፊት አልጫ ማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ መቀነሱ ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ።

ክምችት ካለ፣ ሁለት ቀን አልጫ በልቶ «ጨው ትቻለሁ፣ ግፊቴ ግን አልወረደም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ሳምንታት መታገስ ነው። የአንድ ቀን ሽንት ምርመራም ሰው ምን ያህል ጨው እንደሚበላ በትክክል አይናገርም። የአንድ ሰዓት ልኬት ደግሞ እንደ እናቴ ያለውን ሰው ጉድ ያደርጋል።

ጤና ጣቢያ የምትሠሩ እህት ወንድሞቼ፣ እባካችሁ «ልክ ነው» ስትሉ «አሁን» የምትለዋን ቃል ጨምሩበት። «ኪኒኑን እንዳያቆሙ» የምትለዋንም። ሆጤን ዳገት ወጥቶ እያለከለከ የደረሰን ሰው ወዲያው አትለኩት። 5 ደቂቃ ይረፍ፣ ጀርባውን ይደገፍ፣ እግሩን ሳያጣምር መሬት ይርገጥ፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይሁን። ቡና ከጠጣም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፈው።

ቤት መለኪያ ያላችሁ ለአንድ ሳምንት ጧት ኪኒን ከመውሰዳችሁ በፊትና ማታ እየለካችሁ ጻፉና ለሐኪሙ ደብተሩን አሳዩት። ኪኒኑን ጧት ይሻላል ማታ ይሻላል እያሉ የሚከራከሩም አሉ፤ እንግሊዝ አገር ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2022 የወጣ ጥናት ልዩነት አላገኘበትም። በማትረሱት ሰዓት ውሰዱት። ረመዳን ሲመጣ ግን ሰዓቱን በራሳችሁ አትቀይሩ፣ ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ።

መለኪያ መግዛት ለሁሉም ቤት አይቻልም። እኛ ሰፈር ግን ቅሬው ለድንኳንና ለድስት ያዋጣል፣ ታዲያ ክንድ ላይ የሚታሰር አንድ መለኪያ ቢገዛስ ብዬ ባለፈው ስብሰባ ላይ አንስቻለሁ። ሽማግሌዎቹ አልጠሉትም። እናንተም የሌሎች ሰፈሮች ቅሬና እድሮች እንዲያስቡበት ይህን ደብዳቤ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

የእናቴ ደብተር አሁን አሥራ አንድ ገጽ ሞልቷል። ቡናውን በጨው መጠጣቷን አልተወችም፣ በረካው ላይ ብቻ ነው የምትጨምር። ዛሬ ጧት 12 ሰዓት ላይ 138 በ84 ነበር፣ ራሷ ናት የጻፈችው።

አክባሪያችሁ
ከደሴ