ልጆቻችን መወርወር እንዲማሩ፦ ለቤዝቦልና ለሶፍትቦል መለማመጃ ዕቃ የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ለሁላችሁም፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ያላችሁ ወላጆች እንዴት ከረማችሁ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደህና? ዛሬ የመጣሁት በልጆቻችን ጉዳይ ነው፣ በናታችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርክ መጥተው ቤዝቦልና ሶፍትቦል የሚለማመዱ የሀበሻ ልጆች እየበዙ ነው፣ ደስ ይላል። ግን እዚህ አገር ያደገ አባት ልጁን ገና በህፃንነቱ ጓሮ ይዞት ወጥቶ ኳስ እየተቀባበለ ነው የሚያሳድገው፣ እኛ ደግሞ ያደግነው በእግር ኳስ ነው፣ ወረወርን ከተባለም ድንጋይ ወርውረን ማንጎ ብናወርድ ነው፣ ስለዚህ ልጃችን "አባዬ እንዴት ነው የሚያዘው?" ሲለን የምናሳየው የለንም። ልጆቹ ጉልበትም ሩጫም ሳያንሳቸው በአወራወር ብቻ ቲም ሳይገቡ ሲቀሩ ማየት በጣም ያንገበግበኛል።

አንዲት ጎበዝ ልጅ አለች፣ ኳሱን በመዳፏ ሙሉ ጭብጥ አድርጋ ነው የምትይዘው፣ ክርኗ ከትከሻዋ በታች ይወርዳል፣ በቀኝ እጇ እየወረወረች የምትራመደውም በቀኝ እግሯ ነው፣ ስለዚህ ኃይሉ ሁሉ ከክንዷ ብቻ ይወጣል። መሆን ያለበት ግን ኳሱ በጣት ጫፍ ስፌቱ ላይ ተይዞ፣ ግራ ትከሻ ወደሚቀበለው ሰው ዞሮ፣ በግራ እግር ተራምዶ፣ ክርን ትከሻ ጋ ደርሶ ነው። ሶፍትቦል ለትንሽ እጅ ትልቅ ስለሆነ በሶስት ጣት ቢያዝ ይሻላል። ይሄን በአፍ ደጋግመን ብንነግራት አልገባ አላት፣ ዙሪያውን ቀይ ፕላስተር የተጠመጠመበት ኳስ ስንሰጣት ግን በአንድ ከሰዓት ለውጥ አየን፣ ምክንያቱም ኳሱ ከእጅ በትክክል ከወጣ ቀዩ መስመር አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ካልሆነ ይወላገዳል፣ ልጅቷ ማንም ሳይነግራት እራሷን ታርማለች።

መግዛት የምንፈልገው እንዲህ አይነቱን ነው። ኢላማ ያለው ሁለት መረብ፣ ቢመታም የማይጎዳ ለስላሳ ኳስ፣ ትከሻ የሚያፍታታ የላስቲክ ገመድ፣ ደግሞ ክንድ ላይ የሚታሰር ረጅም የመወርወሪያ ካልሲ፣ ልጁ ኳሱን ካልሲው ውስጥ ይዞ ይወረውራል፣ ኳሱ ከካልሲው ስለማይወጣ አፓርትመንት ለምንኖር ሰዎች ሳሎን ውስጥም ይሆናል። ክብደት የተጨመረበት ኳስ ግን አንገዛም፣ በስጦታም አንቀበልም፣ የልጅ ክርን ላይ ያለው አጥንት ገና እያደገ ስለሆነ ብዙ ውርወራና የተበላሸ አወራወር ሲደራረብበት ይጎዳል። የልጆች ቤዝቦልና ሶፍትቦል የሚያካሂደው ሊትል ሊግ እንኳ ከ9 እስከ 10 አመት ያለ ፒቸር (ለመቺው ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) በቀን ከ75 ጊዜ በላይ እንዳይወረውር የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። እና እባካችሁ ልጃችሁ ክርኔን አመመኝ ካለ ያን ቀን አትላኩት።

ሴት ልጆች ያላችሁ ደግሞ እንዳትቀሩ። በ2014 የፊላደልፊያዋ ሞኔ ዴቪስ በ13 አመቷ በሊትል ሊግ ወርልድ ሲሪስ (የልጆች ቤዝቦል የዓለም ውድድር) ታሪክ ጨዋታ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ፒቸር ሆናለች፣ የኛዎቹም ዕድሉን ካገኙ የት እንደሚደርሱ አይታወቅም።

በጠቅላላው የሚያስፈልገን 1,200 ዶላር ነው። 10 ዶላርም ይሁን 100 የቻላችሁትን በዜሌ መላክ ትችላላችሁ፣ ቁጥሩን ኢንቦክስ ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ የተገዛበትን ደረሰኝ በሙሉ ለሁላችሁም አሳያለሁ። ዕቃው የማንም የግል አይሆንም፣ በሳምንቱ መሀል ቤት ወስዶ መለማመድ የፈለገ ቤተሰብ በተራ ይወስዳል። ገንዘብ ካልተመቻችሁ ለልጃችሁ የጠበበው ጓንት ካለ አምጡ፣ በተለይ ግራኝ ለሆኑ ልጆች ቀኝ እጅ ላይ የሚጠለቅ ጓንት በጣም አጥሮናል። የስፕሪንግ ሲዝን ሳይጀምር መግዛት ስላለብን እስከዚህ ወር መጨረሻ ብታደርሱልን፣ ቅዳሜ ሜዳው ላይም አለሁ፣ እግዜር ይስጥልን።